አረንጓዴዎቹ ካሬዎች

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ኮምፒውተሩ ምንም ችግር አልነበረበትም።

ቦታው ሳሎን ውስጥ፣ በመስኮቱና በሚጡ እናት የስፌት መኪና መካከል፣ ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ነበር። ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ሳጥን ነው። ግራ ጎኑና አናቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ውስጡ ሁለት ማራገቢያ ያለው ግራፊክስ ካርድ አለ። የሚጡ ወንድም በኮምፒውተር የሚስላቸውን ሕንፃዎች ግድግዳና ጥላ፣ የመስኮቱን ብርሃን ሳይቀር አስልቶ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ይሄ ካርድ ነው። ወንድሟ ጠዋት ያበራዋል፣ ሲመሽ ያጠፋዋል፤ በመሃል ማራገቢያዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያፏጩ ይውላሉ። አጠገባቸው ያለው የስፌት መኪና ግን ለወራት ድምፅ አላሰማም ነበር። የእናታቸው ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ከተፈታ በኋላም ጣቶቿ መርፌ ሲይዙ እየተንቀጠቀጡ አስቸግረዋት፣ ደንበኞቿ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄደዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሁለቱም መልካም ነገሮች ነበሩ።

መጀመሪያ ቻርጀር መጣ። ቻርጀር የሚጡ የክፍል ጓደኛ ነው። ስሙ የወጣለት ከቦርሳው ቻርጀር ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ አስተማሪዎች እንኳ ስልካቸው ሲዘጋ እሱን ነው የሚጠሩት። ወንድሟ ለኮምፒውተሩ ተጨማሪ ሚሞሪ ገዝቶ ነበርና ሊወጣ ሲል፣ «አንተ ዕቃ መፍታት ትወዳለህ፤ ይቺን አስገባልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነካ» ብሎት ሄደ። ሚጡ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ሥራው አልቆ፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ቻርጀር ካቻቢቴውን በጣቱ እያሽከረከረ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እናታቸው ከመኪናው ቀና ብላ፣ «ጨረስኩ» አለች።

በዚያ ቤት ልብስ የሌለው ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ ካውያው፣ የስፌት መኪናው ራሱ፣ ሁሉም ልኩ ተወስዶ የተሰፋለት አለው። «ፍሪጁ ከኔ የተሻለ ይለብሳል» ይል ነበር ወንድሟ። ራቁቱን የቀረው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። አሁን ለእሱም ተሰፋለት፤ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ከነገበሩ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ጥብቅ ብሎ የሚይዝ። ኋላው ላይ ለገመዶቹ መውጫ አለው። ፊቱ ላይ ደግሞ ለማብሪያው እንደ ኮት አዝራር ቀዳዳ ዙሪያዋ በክር የተዘመዘመች ትንሽ ክፍተት አለች።

«ማውለቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ለብሶ ይሠራል» አለች እናቷ። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ ለሚጡ አሳየቻት። «እይው እስኪ፤ አይንቀጠቀጥም።»

ወንድሟ ማታ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ዙሪያውን አየው። «ይሄማ ሙሽራ ሆኗል» ብሎ እናቱን ግንባሯ ላይ ሳማት። እጇ ከተሰበረ ወዲህ ሰፍታ የጨረሰችው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

ሰኞ ዕለት ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንድሟን አገጩን ይዞ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አገኘችው። እየሠራው ያለው የአንድ ክሊኒክ ተንቀሳቃሽ ምስል ነበር፤ በበሩ ገብቶ በኮሪደሩ እያለፈ ክፍል ለክፍል የሚዞር። ኮሪደሩ ላይ አረንጓዴ ካሬዎች ተበትነዋል። መጀመሪያ ጣሪያው አካባቢ ጥቂት ነበሩ፣ ከዚያ ግድግዳውን ወረሩት። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር አለ።

«ምን ነካው ጋሽዬ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ሲነሳ ደህና ነው፤ ከባድ ሥራ ስሰጠው ጥቂት ይሄድና ይታመማል።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወንድሟ ያንን ምስል በሚቀጥለው ሰኞ ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ማቅረብ አለበት። ከወደዱለት በቋሚነት ይቀጥሩታል። ሥራ ፍለጋ ከጀመረ ወዲህ «እስኪ አምጣና እንየው» ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው።

በሚቀጥሉት ቀናት ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቶ እንደገና ጫነ። የስክሪኑን ገመድ ቀየረ። አዲሱን ሚሞሪ አውጥቶ በድሮው ብቻ ሞከረ። ሳጥኑን ከፍቶ ሙቀቱን አየ፤ ደህና ነበር። የሚገርመው ይሄ ነው፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድም ወስዶት ነበር፤ ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያሠራው ዋለና፣ «ወንድሜ፣ ዕቃህ ጤነኛ ነው፤ አንተ ነህ እረፍት የሚያስፈልግህ» ብሎ መለሰው። ቤት አምጥተው ቦታው ሲያስቀምጡት፣ እናታቸው ልብሱን ስታለብሰው፣ ሥራ ሲጀምር፣ ካሬዎቹ ተመልሰው መጡ።

«ሲከፈት እሺ፣ ሲዘጋ እምቢ» አለ ወንድሟ እሮብ ማታ። «እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው። ውስጡ የላላ ነገር አለ፤ ስከፍተው ስለምነካካው ለጊዜው ይያዛል። ሰው ነው ያላላው።»

«ማን?»

«ቅዳሜ ማን ነበር የከፈተው?»

ሚጡ በማግስቱ እረፍት ሰዓት ላይ ቻርጀርን ከሜዳው ጥግ ይዛ አስቆመችው።

«ምን ምን ነካህ? እውነቱን ንገረኝ።»

«ሚሞሪውን። አስገባሁት፣ ጠቅ አለ፣ ዘጋሁት። በቃ።»

«ካርዱንስ?»

«የቱን ካርድ?»

«ስንት ካርድ አለው?»

«አልነካሁም አልኩሽ እኮ። አሁን ሙድ እየያዝሽብኝ ነው ወይስ እየመረመርሽኝ?» ቻርጀር የእስክሪብቶውን ክዳን ማኘክ ጀመረ። «ደግሞ ያ ካርድ ገና አዲስ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። በሁለቱ ማራገቢያ መሃል ያለው ስቲከር ላይ ዓመቱ ተጽፏል።»

ሚጡ ነቃችበት። ወንድሟ ሳጥኑን ሲከፍት ስንት ጊዜ አጎንብሳ አይታለች። ካርዱ ማራገቢያዎቹን ወደ ታች ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። በመሃላቸው የተጻፈውን ለማንበብ ወይ ጭንቅላትህን ሳጥኑ ውስጥ መክተት አለብህ፣ ወይ ካርዱን ነቅለህ ማውጣት።

«ማራገቢያዎቹ ወደ ታች ነው የዞሩት» አለችው።

ክዳኑ ከቻርጀር አፍ ወደቀ።

«አቧራ ነበረበት» አለ። «አውጥቼ እፍ አልኩበት። ትንሽ በእጄ ያዝኩት። እንዲህ ያለ ካርድ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር፣ ሚጡ። ከዚያ ቦታው መለስኩት። ጠቅ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?»

«ወንድምሽ ሌላ ነገር እንዳትነካ ብሎኛላ።»

«ጋሽዬ ሥራው ሊያመልጠው ነው፣ አንተ ስቲከር ታነባለህ» አለችና ትታው ሄደች። ያን ቀን ነገሩን ለአንዲት ልጅ ብቻ ነበር የተናገረችው። ከሰዓት ላይ ግን ክፍሉ ሁሉ ቻርጀርን «ፊውዝ» እያለ ይጠራው ነበር። ግማሾቹ ቤት አቃጥሏል ይላሉ።

ማታ ለወንድሟም ነገረችው። ወንድሟ ሳጥኑን ከፈተ። ካርዱን ነቀለ፣ የሚገባበትን በባትሪ እያበራ አየ፣ መለሰው፣ ብሎኑን አጠበቀ። «ያ ልጅ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ዝር እንዳይል» አለ ከዚያ።

«ተው እንጂ፣ ልጅ አይደል» አለች እናቷ።

«ልጅ ቢሆንማ ነክቻለሁ ይል ነበር እማዬ። ደብቆ ነው የሄደው።»

እናቷ የኮምፒውተሩን ልብስ ከወንበሩ ላይ አንስታ፣ አራግፋ፣ አለበሰችው። በማግስቱ አረንጓዴዎቹ ካሬዎች ከምሳ በፊት መጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሟ ኮምፒውተር የሚያውሰው ሰው ፍለጋ ወጣ። ሚጡ የግቢውን በር ስትከፍት ቻርጀር ቆሟል። እጁ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዟል፤ ካልሲው ውስጥ እግር ያልሆነ ነገር አለ።

«ግባ።»

«አልገባም። እንዳላይህ ብሏል ወንድምሽ፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።»

«የለም፣ ወጥቷል።»

«ቢሆንም።» ካልሲውን ዘረጋላት። «የኔ ካርድ ነው። ከኮምፒውተሬ ነቅዬው ነው። እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው፤ ግን ካሬ ምናምን አያውቅም። እስከ ሰኞ ይሥራበት።»

«አንተስ?»

«እኔ ጌም ካልተጫወትኩ የሚቀር ነገር አለ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ካልሲው ታጥቧል፤ እንደዚያ አርቀሽ አትያዥው። ሚጡ... እኔ ሳልሆን አልቀርም ያበላሸሁት። ጠቅ ያለ መስሎኝ ነው እንጂ ምናልባት አላለም።»

ሐሙስ ዕለት በጆሮዬ ሰማሁ ብሎ የማለ ልጅ፣ አሁን ጆሮውን ማመን አቅቶታል። ክፍሉ ሁሉ ተባብሮ አሳምኖታል። ሚጡ ካልሲውን ተቀበለችው። በሩን ዘግታ እስክትገባ ድረስ የእርምጃውን ድምፅ ስትሰማ ነበር፤ ሩጫ የሚወድ ልጅ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው።

ብሎኖቹን ለመፍታት የኮምፒውተሩን ልብስ አወለቀች፣ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ካቻቢቴውን እንዳነሳች ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። የቻርጀር ካርድ ምን ያህል ዘገምተኛ እንደሆነ ወንድሟ መጠየቁ አይቀርም። ያንን ለማወቅ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን መለካት ያስፈልጋል። የፊዚክስ አስተማሪያቸው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ ሳይለካ የቀየረ ተማሪ ከእሱ ዘንድ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ካቻቢቴውን አስቀመጠች። ሳጥኑን እንደተዘጋ ትታ ኮምፒውተሩን አበራችው፣ የክሊኒኩን ምስል አስጀመረች፣ ፍጥነትና ሙቀት የሚያሳየውን ትንሽ መስኮት ስክሪኑ ጥግ ላይ ከፈተች።

የሙቀቱ ቁጥር ወደ ላይ ሄደና ሰባ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቀረ።

ካሬዎቹን ጠበቀች። ኮሪደሩ አለፈ፣ የምርመራ ክፍሉ አለፈ፣ ፀሐይ የገባበት የመጠበቂያው አዳራሽ አለፈ። አንድም አልመጣም። ትላንት እዚህ ሳይደርስ ነበር የሚጠቁረው። ሳጥኑ ዝግ ነው፣ ካርዱንም ማንም አልነካውም፤ ወንድሟ «ሲዘጋ እምቢ» ያለው ነገር እሺ እያለ ነው።

እናቷ ከጓዳ እጇን እየጠረገች መጣች። «ምነው ራቁቱን አስቀመጥሽው? አቧራ ሊጠጣ ነው እኮ» አለችና ልብሱን አንስታ አለበሰችው፤ ጠርዙን ወደ ታች ሳብ፣ ሳብ አደረገችው። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤት የኮምፒውተሩን ልብስ አይታ ትላንት የመጋረጃ ጨርቅ ይዛላት መጥታ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣች የመጀመሪያ ደንበኛ ናት። መኪናው ጣ ጣ ጣ ማለት ጀመረ፤ እናቷም በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

ሰባ አምስት አለ ቁጥሩ። ሚጡ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ስምንት። ማራገቢያዎቹ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ማፏጨታቸው ቀርቶ ማጓራት ጀመሩ። ዘጠና አራት ላይ ከሚቀጥለው ክፍል ጣሪያ አንድ አረንጓዴ ካሬ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለት።

እናቷ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ ሚጡ ተነስታ ልብሱን ገፈፈችው። ከቀዳዳዎቹ የወጣው አየር ፊቷን እንደ ምድጃ ገረፋት። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፣ እስከ ሰባ። እናቷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሚጡ እንደገና አለበሰችው፣ ቁጥሩ እንደገና ወጣ። አወለቀችው፣ እንደገና ወረደ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ነገሮች ነበር የሆኑት። ሁሉም ግን የቆጠሩት አንዱን ብቻ ነበር። ወንድሟ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያወልቀው ልብሱን ነው። ጠጋኙ ዘንድም ያለ ልብሱ ነው የሄደው። ሁልጊዜ ከዓይናቸው ሥር ነበር፤ ከእናታቸው እጅ የወጣ ነገር ስለሆነ ግን ማንም አልጠረጠረውም።

እናቷ ባዶውን ባልዲ ይዛ ተመለሰች፣ ማንጎራጎሯን ካቆመችበት ቀጠለች። ሚጡ ልብሱን ጭኗ ላይ አጠፈችው። አሁን ምን ትበላት? እጅሽ ድኖ የሰፋው የመጀመሪያ ነገር ልጅሽን ሥራ ሊያሳጣው ነበር? መኪናው እንደገና ዝም ቢልስ? ነገሩን መደበቅ ደግሞ ከባድ አልነበረም። ልብሱ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቢደፋበት ይታጠባል፣ እስከ ሰኞ አይደርቅም። የቻርጀርን ካርድ ብታስገባውም ይሆናል፤ ቻርጀር ራሱ ጥፋቱን ተቀብሏል። ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ የለም።

ወንድሟ ሲገባ ትከሻው ወድቆ ነበር። የሚያውሰው ሰው አላገኘም። ከዚያ ስክሪኑን አየ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተንበረከከ።

«እየሠራ ነው? ሳጥኑ ተዘግቶ?»

«አዎ።»

«ምን አደረግሽው? ካርዱን ነቅለሽ መለስሽው?»

ሚጡ ዝም አለች። ወንድሟ ዝምታዋን እንደ አዎንታ ወሰደው።

«ብያለሁ አይደል! ያ ቀዥቃዣ አላጠበቀውም፤ እኔም ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው። ጎሽ የኔ እህት።»

«ተመስገን» አለች እናቷ። «በሉ አልብሱትና ሥራው ይቀጥል።»

ልብሱ የሚጡ ጭን ላይ ነበር። ካልሲው ጠረጴዛው ላይ። ሁለቱንም አየቻቸው።

«ካርዱን አልነቀልኩትም» አለች።

«ታዲያ?»

«እማዬ፣ ነይ እስኪ ወደዚህ።» ራሷ ኮምፒውተሩን አለበሰችው፣ ጠርዙን ልክ እንደ እናቷ ሳብ፣ ሳብ አደረገች። «ቁጥሩን እያያችሁ ጠብቁ።»

ሦስቱም ጠበቁ። ቁጥሩ ሲወጣ ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሰማንያን ሲያልፍ ሚጡ የእናቷን ቀኝ እጅ ይዛ ከፋዩ አናት ላይ አስቀመጠችው።

እናቷ እጇን እዚያው አቆየች፤ የሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ ገልብጣ በእጇ ጀርባም ሞከረች። «ትኩሳት አለው» አለች። ከዚያ ጠርዙን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ጣቶቿ የተበሳሳውን ብረት እስኪያገኙ። ፈጥና አወጣቻቸው።

ልብሱን ያወለቀችው ራሷ ናት።

«ሳምንቱን ሙሉ እኔ ነበርኩ በይኛ።»

«ልብሱ ነው» አለች ሚጡ።

«ልብሱን ማን ሰፋው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ። ጆሮው ቀልቷል። «አንቺ በየት ታውቂዋለሽ? በዚህ ሳጥን እንጀራዬን ልበላ የምፈልገው እኔ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተሸፍኖ እያየሁ ሙሽራ ሆኗል ብዬ ስስቅ ነበር።»

እናቷ ቀኝ እጇን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሚጡ ጣቶቹን ትመለከት ነበር። ምነው ሻዩን በደፋሁበት ብላ ለመጸጸት ትንሽ ነው የቀራት።

«ሃያ ዓመት ለሰው ስሰፋ» አለች እናቷ በመጨረሻ፣ «አንገት ያልተውኩለት ሰው የለም። ለዚህ አንገቱ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰፋሁለት።» ከመኪናው መሳቢያ ሜትሯን አወጣች። «ና ውረድ፣ አንተ። የሚተነፍሰው ከየት እስከ የት ነው? በየት ያስገባል፣ በየት ያስወጣል? አሁን ደግሞ አንዱን ነግረኸኝ ሌላውን እንዳትረሳ።»

ወንድሟ ወለሉ ላይ ተኝቶ እያሳየ፣ እሷ በጠመኔ ከፋዩ ላይ አሰመረች። ጎኑም አናቱም ተቆርጦ በምትኩ ከአሮጌ አጎበር የተረፈ መረብ ሊገባ ነው። መቀሱ ተሰፍቶ ያለቀውን ልብስ ሲነካ እጇ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጇ አንጓውን ያዝ አደረገችው፣ እስኪረጋ ጠበቀች፣ ከዚያ ቆረጠች።

«ይሄስ ምንድነው?» አለ ወንድሟ ቀና ሲል ካልሲውን አይቶ።

ሚጡ ነገረችው። ወንድሟ ካርዱን አውጥቶ አገላብጦ አየውና መልሶ በጥንቃቄ ካልሲው ውስጥ ከተተው።

«ከራሱ ኮምፒውተር ነቅሎ?»

«አዎ።»

«ስልኩን ስጪኝ፣ ልደውልለት።»

«አይ፣ አትደውል። እኔ እሄዳለሁ» አለች ሚጡ ጫማዋን እያሰረች። «ክፍል ውስጥ ያወራሁበት እኔ ነኝ።»

የቻርጀር ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው የሚርቀው። ራሱ ነው በሩን የከፈተላት። ካልሲውን እጇ ላይ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እሱም አልሠራም?»

«አላስገባሁትም። አንተ አይደለህም ያበላሸኸው።»

«ለማጽናናት ነው?»

«ለክቼ ነው።» ሁሉንም ነገረችው፤ ልብሱን፣ ቁጥሩን፣ የእናቷን እጅ። ቻርጀር እስክትጨርስ አላቋረጣትም፤ ይሄ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ጠቅ ብሎ ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ብሎ ነበር። ግን ዋሽተኸኛል።»

«አውቃለሁ። ለወንድምሽ እኔው እነግረዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሰኞ ክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ። ሁሉም ባሉበት።»

ቻርጀር ትንሽ አሰበበት። «ፊውዝ የሚለው ግን ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ ሲጠሩኝ ፈጣን ያስመስለኛል።»

እነ ሚጡ ቤት ሲደርሱ የስፌት መኪናው እየሮጠ ነበር። ቻርጀር በሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ካርዱን አውጥቼው ነበር። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ።»

 «ነበረብህ» አለ ወንድሟ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ እሱ ገፋለት። «እኔም ሳላጣራ ነው ዝር እንዳይል ያልኩት። ተቀመጥ። ቁጥሩን የምታነብልን አንተ ነህ።»

«በርታ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቷ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «እትዬ እንዲህ አሉ እንዳትልብኝ እንጂ፣ ይሄኛው ካልሠራ ልብሱን ለአንተ ነው የማደርገው።»

«ወይን ጠጅ አይስማማኝም፣ እትዬ።»

አለበሱት። ወንድሟ ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ክፍል ያለውን የክሊኒኩን ምስል በሙሉ አስጀመረ። በአዲሱ መረብ በኩል ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ ይታያል። ቻርጀር ስክሪኑ ጥግ ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ ቁጥሩን እየጮኸ ያነባል፣ ሚጡ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ እናቷ የጎረቤቷን መጋረጃ ታጥፋለች። ኮሪደሩ አለፈ። የምርመራ ክፍሉ አለፈ። የመጠበቂያው አዳራሽ መስኮት ላይ ፀሐይዋ እንደተሠራችው ሆና ገባች፣ አረንጓዴ ነገር ሳይታይ አለፈች።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ወንድሟ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» አለች ሚጡ።

ቻርጀር አነበበላት፣ እሷም ቀድሞ ከለካችው ሥር ጻፈችው። ያለ ልብስ ሰባ፤ ከነልብሱ ሰባ አንድ።